መንጠቆ ይዤ ወደ ቆቦ

«ቆቦ አሳ ላጠምድ ልሄድ ነው» ስል አርባ ምንጭ ውስጥ ያልሳቀብኝ ሰው የለም። ጀልባ የምንጋራው ባልደረባዬ፣ «ታደለ፣ እዚያ ያለው ማሽላና ግመል ነው። መንጠቆህን ማሽላው ላይ ልትጥል ነው?» አለኝ። ባለቤቴ ብቻ አልሳቀችም። «ከድር ከጠራህማ ሂድ» ብላ ልብሴን አጣጠፈችልኝ።

ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ጫሞ ዳር በተቀመጥን ቁጥር ‹እስቲ ንገረን› የሚለኝ ስለበዛ፣ አንዱን ታሪክ አሥር ጊዜ ከማወራ ብዬ ጻፍኩት። ብዙዎቻችሁ ወደዚያ አገር እንደማትሄዱ አውቃለሁ፤ ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ፣ ቀን በቀን አስቀምጠዋለሁ።

ከድርን የማታውቁት ካላችሁ፣ የራያ ሰው ነው። እዚህ አንድ የሙዝ እርሻ ላይ የውሃ ፓምፕ መካኒክ ሆኖ ሰባት ዓመት ሲሠራ አጥር ለአጥር ነበርን። በዕረፍቱ ቀን አብሮኝ ጫሞ ላይ ይወጣል፤ አሳ መብላት የለመደውም እኔ ቤት ነው። አገሩ ከገባ በኋላ ሰፈራቸው ላይ የተራራ ጎርፍ የሚያቁር ግድብ ተሠራ። ከድርም ከሩቅ ቦታ የአሳ ጫጩት በውሃ በተሞላ ላስቲክ ጭኖ አምጥቶ ጨመረበት። ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አለፈው። አሳዎቹ ይኑሩ ይሙቱ ግን ያየ ሰው የለም። ግድቡ የዋጠው ያልተመነጠረ የግራር ጫካ ስለሆነ፣ መረብ በተጣለ ቁጥር እሾኹ ይዘለዝለዋል።

በጥር ወር ደወለልኝ። ድምፁ ልክ አልነበረም።

«ታዴ፣ የፊታችን ቅዳሜ የውሃ ተጠቃሚዎቹ ስብሰባ አለ። ዘንድሮ ዝናቡ ቶሎ ወጣ። ሰዉ የቀረውን ውሃ በሙሉ ለሽንኩርት እንልቀቀው ብሏል። ውሃው ተሟጦ ከተለቀቀ አሳው አለቀ ማለት ነው። ‹አለ ካልክ አሳየን› ብለውኛል። ወላሂ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ‹የከድር ጅኒዎች› እያሉ ሲስቁብኝ ነው የኖርኩት። መረብ አልሆነም። የቀረኝ መንጠቆ የሚያውቅ ሰው ነው።»

ሠላሳ ዓመት ውሃ ላይ የኖረ ሰው እንዲህ ተብሎ ተጠርቶ እንዴት ይቀራል?

ሰኞ

በጠዋቱ አውቶቡስ ወጣሁ። ሻንጣዬ ውስጥ ከልብስ ይልቅ የሥራ ዕቃ ይበዛ ነበር፤ ሁለት ጥቅል ክር፣ አንድ ሣጥን መንጠቆ፣ በካልሲ የታሰረ እርሳስ፣ ደግሞ ከላባ የተሠራ ጭራ። እኛ አሳ ለማጥመድ ለሚመጡ እንግዶች የምንጠቀምበት መንጠቆ አንገቱ ላይ እርሳስ፣ ገላው ላይ ጭራ እንዳለው ታውቃላችሁ። እርሳሱ ወደ ታች ይወስደዋል፤ ጭራው ነፍስ ያለው ያስመስለዋል። ለየትኛው ጥልቀት የትኛው እርሳስ፣ ለየትኛው እርሳስ የትኛው ጭራ የሚለውን ያወቀ ሰው ሥራውን አወቀ። ቀሪው ትዕግሥት ነው።

አዲስ አበባ የእህቴ ልጅ ቤት አደርኩ። ሻንጣዬን ከፍቶ አይቶ፣ «አጎቴ፣ ይሄን ሁሉ ተሸክመህ የምትሄደው ለጓደኛህ ስም ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩትና ሻንጣዬን ዘጋሁ።

ማክሰኞ

ወደ ኮምቦልቻ። የአርባ ምንጭ ሰው መሆኔ ደብረ ብርሃን ላይ ተጋለጠ፤ እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ለብሼ ለቁርስ ስወርድ ጥርሴ ተንገጫገጨ። ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት ሳልጠይቃቸው ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ። «ቁልቁለቱን ስንጨርስ ትመልስልኛለህ» አሉኝ። ከጣርማ በር ወርደን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ እንደ አገሬ ሞቀኝ፤ ጋቢውን አጥፌ ሰጠኋቸው። «ከየት ወዴት ነህ ልጄ?» ሲሉኝ ነገርኳቸው። አርባ ምንጭ ከቆቦ ምን ያህል እንደሚርቅ በጣታቸው ሊቆጥሩ ሞክረው ተዉት።

ኮምቦልቻ ያረፍኩበት አልጋ ቤት ውሃ ተቋርጦ ነበር። የቤቱ ባለቤት ከጎረቤት ጉድጓድ ቀድታ አንድ ባልዲ ራሷ በደረጃው ይዛልኝ ወጣች። እኛ አገር ቧንቧ ሲቋረጥ ‹ሐይቁ አለ› እንላለን። እዚያ አንድ ባልዲ ውሃ ሰው ለእንግዳ የሚሰጠው ትልቅ ነገር መሆኑን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ረቡዕ

ችግሬ የመጣው ረቡዕ ነው። ከኮምቦልቻ ከወጣን በኋላ አንድ ኬላ ላይ ሁላችንም ወረድን። ፈታሹ ካልሲዬን ዘርግፎ እርሳሱን አየ። ድቡልቡል፣ ከባድ፣ አመድማ።

«ይሄ ምንድነው?»

«እርሳስ ነው። ለአሳ።»

«አሳ በጥይት ነው እንዴ የምትይዙት?»

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መንጠቆ አውጥቼ እንዴት እንደሚታሰር አሳየሁት። ጓደኛውን ጠራ፤ ጓደኛውም ሌላ ጠራ። በመጨረሻ ኃላፊያቸው መጣ፤ ሽማግሌ ቢጤ ሰው ነው። አንዱን በእጁ መዘነው። «አምንሃለሁ፤ ግን ሌላው ኬላ ላያምንህ ይችላል። መንገድህ እንዳይበላሽ መንጠቆህን ይዘህ ሂድ፣ ይሄን ግን ተውልኝ» አለ። ሹፌሩ ጥሎኝ እንዳይሄድም ራሱ መኪናው በር ላይ ቆሞ አስጠበቀልኝ። ልናደድበት ፈልጌ አልቻልኩም። ነገር ግን ያለ እርሳስ መንጠቆ፣ ያለ መልሕቅ ጀልባ ነው።

ሐይቅ ከተማን ስናልፍ ከመስኮቱ ውሃውን አየሁ፤ ቆንጆ ነው፣ ዙሪያውን ተራራ ታቅፎታል። ወልድያን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ግን አገሩ ተቀየረ። ሜዳው ተዘረጋ። ማሽላው ታጭዶ አገዳው በየማሳው እንደ ጎጆ ተከምሯል። ጎብዬ ላይ ለሻይ ስንቆም ሙቀቱ ፊቴን ሲመታኝ ደስ አለኝ፤ የቤቴ ሙቀት ነው። ልዩነቱ እኛ ጋ አየሩ የሐይቅና የሙዝ ቅጠል ሽታ አለው፤ እዚያ የጭድና የከብት ሽታ ነው።

ቆቦ መናኸሪያ ከድር ቆሞ ነበር። ሽርጥ ታጥቆ፣ ዱላ ትከሻው ላይ አጋድሞ ሳየው ያ ቱታ ለባሽ መካኒክ መሆኑን ተጠራጠርኩ። ተቃቅፈን ስናበቃ የእርሳሱን ነገር ነገርኩት።

«አብሽር» አለ። «ና ተከተለኝ።»

ዋናው መንገድ ዳር ወዳለ አንድ ጎሚስታ ወሰደኝ። ሰውየው የጭነት መኪና ጎማ እየፈታ ነበር። ከድር ጉዳዩን ሲነግረው ሳይነሳ በእግሩ አንድ ጣሳ ገፋልን። ከጎማ ጠርዝ ላይ የነቀላቸው የባላንስ እርሳሶች ነበሩ፤ ጣሳው ሙሉ ነው። ቁጭ ብለን በመዶሻ ቀጥቅጠን በመንጠቆዎቹ አንገት ላይ ጠመጠምናቸው፤ አንዳንዱን እንደ ምስር፣ አንዳንዱን እንደ ሽንብራ፣ አንዳንዱን እንደ ቴምር ፍሬ አድርገን። ጎሚስታው ሥራውን ትቶ ያየን ጀመር።

«ምን ልክፈልህ?» ስለው ተቆጣ።

«አሳውን ካገኛችሁት ወሬውን ንገሩኝ፤ ይበቃኛል። እዚህ ሱቅ ውስጥ በየቀኑ ስለ ጎማ ብቻ ነው የማወራው።»

ጭራ የሚሆንም ከተቀደደ ካላማዳሪ፣ ከጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ በቀጭን በቀጭኑ ቆርጦ ሰጠን።

ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው አስፋልት ትንሽ ሄደን፣ ከዚያ በባጃጅ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዞብል ተራራ አቅጣጫ ታጠፍን። የከድር ባለቤት ዘሃራ ሽሮ ሠርታ ጠበቀችኝ። «ጋሼ፣ ረቡዕ ጾም እንደሆነ ከድር ነግሮኛል» አለችኝ። የማሽላውን እንጀራ ስቀምስ እንደ ጤፉ አይለሰልስም፤ ግን ሽሮውን የሚይዘው እንዴት ነው! ሦስት በላሁ።

ሐሙስ

ግድቡን አየሁ። ጫሞን ለለመደ ዓይን ኩሬ ነው። ይሁንና ጠዋት ፀሐይ ከዞብል ጀርባ ስትወጣ ውሃው ላይ ደረቁ የግራር ጫፎች ብቅ ብቅ ብለው፣ ነጫጭ ወፎች ተደርድረውባቸው ሳይ ቆሜ ቀረሁ። የእኛው ሐይቅ ትልቅነቱ ያስፈራል። ይሄኛው በሰው እጅ የተጠራቀመ ጎርፍ መሆኑን ሳስብ አከበርኩት።

ጀልባ የለም። ከድር ግን ስምንት ቢጫ ጀሪካን በጠፍር አልጋ ሥር አስሮ ታንኳ ሠርቷል። ሁለታችንም አልጋው ላይ እግራችንን አጣጥፈን ተቀመጥንና በእንጨት እየገፋን ወጣን። ዕድሜዬን በሙሉ አልጋ ላይ ተቀምጬ አሳ አጥምጄ አላውቅም።

መጀመሪያ ድንጋይ ባሰርንበት ገመድ ጥልቀቱን ለካን። ዳሩ ሦስት ክንድ ነው። መካከሉ፣ የዛፎቹ ጫፍ ካለበት አጠገብ፣ ስድስት። የድሮው ወንዝ የሚያልፍበት ጉድጓድ ደግሞ አሥራ ሁለት ክንድ ገባ። ከዳሩ ጀመርን፤ ምስር የምታክል እርሳስ፣ ነጭ የዶሮ ላባ ጭራ። ምንም የለም። ረፈደ፣ ፀሐይ አናታችን ላይ መጣች፣ አሁንም ምንም። ሁለት መንጠቆ ግራሩ በላብን።

ለመጎተት ስታገል የአንዱ ጀሪካን ክዳን ተከፈተ መሰለኝ፣ አልጋው ወደ እኔ አጋደለ። ውሃው ውስጥ ዘፍ አልኩ። ውሃው አፌ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ቃል «አዞ!» ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ፈጥኜ ዋኝቼ አላውቅም። ዳር ወጥቼ ስዞር ከድር አልጋው ላይ በጀርባው ተኝቶ ይንፈራፈራል፤ ታመመ ብዬ ደነገጥኩ። እየሳቀ ነበር።

«ታዴ፣ እዚህ ያለው አዞ አንተ ብቻ ነህ!»

የግድቡ አፋፍ ላይ አንድ ረጅም ቀጭን ሽማግሌ ቆመው ሲያዩን ነበር። አልሳቁም። ጋሽ አበጀ ናቸው፤ የውሃ አባት። ውሃው መቼ፣ ለማን፣ ስንት ሰዓት እንደሚለቀቅ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።

«እንደምን ዋልክ እንግዳ» አሉኝ። «እኔ አሳ ጠልቼ አይደለም። ሽንኩርትን ግን ዓይኔ ያየዋል። ይሄን ለሦስት ዓመት ማንም ዓይን አላየውም። ቅዳሜ የማየውን ይዤ እፈርዳለሁ።»

ልክ ናቸው። እኔም ገበሬ ብሆን እንደዚያ እላለሁ።

ከሰዓት ግን እኚሁ ሰው ቢላቸውን ይዘው ከድር ቤት መጡ። ለእኔ ፍየል ሊያርዱ ነው። የከድር አባት ሼህ ሙሔ ነበሩ የላኩባቸው፤ እንግዳው ክርስቲያን ስለሆነ ክርስቲያን ይረድለት ብለው። ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንድ ሰፈር ያደጉ ናቸው። አንዱ የሌላውን ከብት ጠብቋል፤ አንዱ የሌላውን ልጅ ድሯል። ስንበላ ግን እኔና ጋሽ አበጀ በአንድ ትሪ፣ ሼህ ሙሔና ከድር ምስር ወጥ ይዘው በሌላ ትሪ ተቀመጥን። ማንም ቅር አላለውም። ሼህ ሙሔ ከትሪያቸው ማዶ ሆነው፣ «ብላ እንጂ ልጄ፣ በደንብ አልበላህም» እያሉ ያበረታቱኛል፤ ከድስቱ ግን ራሳቸው አይቀምሱም። እኛም አገር ያለ ነገር ነው። ሆኖም እንደዚያ የሚዋደዱ ሁለት ሰዎች በክንድ ርቀት ለየብቻ ሲበሉ ሳይ ልቤ ላይ አንድ ነገር ቀረ።

ዓርብ

ጠዋት ወደ ጉድጓዱ ሄድን። እዚያ ታች ብርሃን የለም፣ ውሃው ደፍርሷል፤ ስለዚህ ቴምር የሚያክለውን እርሳስ፣ ጥቁሩን የካላማዳሪ ጭራ መረጥኩ። ለጨለማ ጥቁር ነው የሚሻለው፣ ጥላው ጎልቶ ይታያል። የመንጠቆውን ጫፍ ጎማው ውስጥ ደበቅኩት፤ እንጨቱን ሲነካ እንዳይዘው፣ አሳ ሲነክሰው ግን እንዲወጣ። ይሄኛው ብልሃት ሠራ፤ አንድም መንጠቆ ግራሩ አልበላንም። አሳውም አልበላልንም። ሁለት ጊዜ ክሩ ንዝር ብሎ ተወኝ። ነክቶት ይተፋዋል።

ለጁምዓ ሶላት ከድር ወደ መስጊድ ሄደ። እኔ ግቢው ውስጥ ቁጭ ብዬ ጭራዎቹን አገላብጣለሁ። ዘሃራ የትናንቱን ፍየል ቆዳ ትወጥር ነበር። መጥታ አንዱን ጎማ አነሳችና አሸተተችው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። አሳ አፍንጫ የለውም?»

ሠላሳ ዓመት! የታችኛው አሳ፣ አምባዛ፣ የሚያድነው በዓይኑ ሳይሆን በሽታ መሆኑን ሠላሳ ዓመት አውቃለሁ። አገሬ ላይ ያለኝ ጭራ ሽታ ስለሌለው ነገሩን ማሰብ ትቼ ነበር። ዘሃራ አንድም ቃል ሳትጨምር ከቆዳው ጫፍ ላይ ጣት የሚያክል ቀጭን ጠፍር ቆረጠች፣ ፀጉሩን ፋቀች፣ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈችው። ሲለሰልስ እንደ ትል ይተጣጠፋል። ጫፉን ለሁለት ሰነጠቅኩት።

ከሶላት መልስ ሼህ ሙሔም አብረውን መጡ፤ ዳሩ ላይ ተቀመጡ። ጠፍሩን ወደ አሥራ ሁለት ክንድ ለቀቅኩት። መሬት ሲነካ ክሩ ላላ። አንድ ስንዝር አነሳሁት፣ መልሼ ጣልኩት። አንድ ስንዝር፣ መልሼ ጣልኩት። በሦስተኛው አልተነሳም።

«ዛፍ ነው?» አለ ከድር።

ዛፉ ሄደ።

አልጋው ተሽከረከረ። ከድር ወገቤን ይዞ «ቢስሚላህ! ቢስሚላህ!» ይላል፤ እኔ ክሩ መዳፌን እየቆረጠኝ ወደ ግራሩ እንዳይገባ እጎትታለሁ። ሲወጣ የሰው ክንድ የሚያህል፣ ሪዛም አምባዛ ነው። ሼህ ሙሔ ሽርጣቸውን ሰብስበው ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገቡ። «ማሻአላህ! ማሻአላህ! ልጄ አልዋሸም!» አሉ። ከድር ያን ጊዜ ፊቱን ወደ ተራራው አዞረ። ለምን እንደዞረ ስለገባኝ አላየሁትም።

አሳውን ተሸክመን ጋሽ አበጀ ደጅ ሄድን። ዙሪያውን አዩት፣ በጣታቸው ገላውን ደባበሱት።

«አሳ መኖሩን አመንኩ» አሉ። «ግን ቅርፊት የለውም። እኔና ክርስቲያኑ ቅርፊት የሌለው አንበላም። ይሄ እንግዲህ ለከድር ሰፈር ነው፤ ለግማሹ ሰው አሳ፣ ለግማሹ ሰው ምንም። ውሃው ግን የሁሉም ነው። ምን ብዬ ላስቀር?»

ክፋት አልነበረባቸውም። እኔ አምባዛ በልቼ ነው ያደግሁት፤ የአንዱን ሽማግሌ ሃይማኖት ግን እኔ አልቀይርም። «ቅርፊት ያለውስ አምጥተሃል?» አልኩት ከድርን። «ቆሮሶ ጨምሬያለሁ። ካልሞተ» አለ።

ቅዳሜ

ስብሰባው አራት ሰዓት ነው። ገና ጎህ ሲቀድ ውሃው ላይ ነበርን። እጄን ስነክረው ላዩ ቀዝቅዟል። ሐሙስ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ጫሞ ላይ ቆሮሶ ዳር ዳሩን አይጠፋም፤ ስለዚህ ሳላስብ ዳር ሄድኩ። የቆቦ ሌሊት በጥር ወር እንደ ቀኑ አይደለም፤ ይበርዳል። ብርድ ያልወደደ አሳ የሚሄደው ወደ መካከል፣ ስድስት ክንድ፣ የግራሩ ጫፍ ወዳለበት ነው። ዛፉ ላይ የበቀለው አረንጓዴ ነገርም ምግቡ ነው።

አሁን ትንሿን መንጠቆ፣ ምስሯን እርሳስ አደረግሁ። ሽንብራው ለስድስት ክንድ ልኩ ይመስላል፤ ግን ቶሎ ይወርዳል። ለሚሸሽ አሳ ዝግ ብሎ የሚወድቅ ነገር ይሻላል። ጭራዋን ሁለት ዘለላ ነጭ ላባ ብቻ አስቀርቼ፣ ጫፏ ላይ የማሽላ እንጀራ ፍርፋሪ አሽቼ ለጠፍኩባት። ለቀቅኳት። እየተንሳፈፈች ወረደች። በልቤ ቆጠርኩ።

ክሩ ወደ ጎን ሄደ። ቀስ ብሎ፣ እንደሚያፍር ሰው።

የመጀመሪያው ቆሮሶ መዳፍ ያክላል። ሁለተኛው ይበልጠዋል። ሦስተኛውን ከድር ራሱ ያዘው፤ ደንግጦ አልጋው ላይ ጥሎት ሊዘልብን ሲል ተቀመጠበት። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አሥራ አንድ ነበሩን።

ሰዉ ግድቡ አፋፍ ላይ ባለው ሾላ ሥር ተሰብስቧል። ዘሃራ ፍም አዘጋጅታ ጠበቀችን። ድስት አላመጣችም። «የእኛ ድስት ለእነ ጋሽ አበጀ ይከብዳቸው ይሆናል» ብላ ነው፤ አሳው በእንጨት ተሰክቶ ፍም ላይ ብቻ ተጠበሰ። አርባ ምንጭ የአሳ ለብለብ የሚሠሩ ሴቶች ያን ቀለም ቢያዩ ይቀኑ ነበር። በጨውና በሚጥሚጣ ትልቅ ትሪ ላይ አቀረበችው።

ጋሽ አበጀ ያልተጠበሰ አንድ አንስተው በጥፍራቸው ፋቁት። ቅርፊቱ ተነሳ። አዩት፣ ጣታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ ወደ ትሪው ቀረቡ። ሼህ ሙሔም ከማዶ ቀረቡ። ሁለቱም እጃቸውን አንድ ላይ ሰደዱ፤ ጣታቸው አንዱ አሳ ላይ ተገናኘ። ሁለቱም እጃቸውን ገቱ።

«አበጀ» አሉ ሼህ ሙሔ። «ይሄን ያረደው ማነው?»

«ማንም።»

«አሳ ቢላ አያሻውም። ላንተም ሆነ ለኔ ሐላል ነው። አንተና እኔ ሥጋ ከአንድ ትሪ በልተን እናውቃለን?»

«አናውቅም» አሉ ጋሽ አበጀ። «በሠርግም አናውቅ፣ በለቅሶም አናውቅ።»

ሼህ ሙሔ ከአሳው ጉንጭ ለስላሳውን ለዩ፣ አጥንቱን አበጥረው አወጡና አጎረሷቸው። ጋሽ አበጀ ጎረሱ። ከዚያ በተራቸው አጎረሱ። ከተቀመጠው አርባ ያህል ሰው መካከል አንዲት ሴት እልል አለች፤ ሌሎችም ተቀበሏት። ክርስቲያኑም እስላሙም እዚያው ትሪ ላይ ተረባረበ። አሥራ አንድ አሳ ለዚያ ሁሉ ሰው ቁራሽ ቁራሽ ነው የደረሰው።

ስብሰባው ግን በጉርሻ አላለቀም። ጋሽ አበጀ ተነስተው፣ «ውሃው ይለቀቃል። ግን መካከሉ ሦስት ክንድ ሲደርስ ይዘጋል። ያ የአሳው ነው» ሲሉ ማዶ የተቀመጠች አንዲት ሴት ብድግ አለች።

«ጋሽ አበጀ፣ የኔ መሬት የቦዩ ጫፍ ላይ ናት። ሦስት ክንድ ከቀረ ለኔ ተራ አይደርስም። ሽንኩርቴን ተክያለሁ፤ ልጆቼ አሳውን ነው የሚለብሱት?»

ከድር አንገቱን ደፋ። እውነቷን ነው። ጋሽ አበጀ ወደ ሴትየዋ ዞሩ።

«የኔ ተራ ሁለተኛ ናት» አሉ። «ውሰጃት። እኔ ዘንድሮ ሽንብራዬ ይበቃኛል።»

ሴትየዋ ቆማ ቀረች። «እግዜር ይስጥልኝ» ለማለት አፏን ስትከፍት እሳቸው ወደ ሌላ ጉዳይ አልፈው ነበር።

እሑድና ሰኞ

እሑድ ቀን ከድርን ሁሉንም አስጠናሁት፤ የቱ እርሳስ ለየቱ ጥልቀት፣ ጠፍር መቼ፣ ላባ መቼ። ዘሃራ ከእሱ ቀድማ ያዘችው። ጎሚስታው ጋም ወሬውን ልንነግረው ቆቦ ወጣን፤ ሥራውን አቁሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለት ጊዜ አስነገረን።

እኔ ውሃ የሞላው አገር ሰው ነኝ። ውሃ እንደማያልቅ፣ አሳም እንደማይቆጠር ሆኜ ነው የኖርኩት። እዚያ ሰዎች በክንድ ለክተው፣ ተከራክረው፣ አንዱ ተራውን ለሌላው ለቆ ነው የሚኖሩት። ኩሬ ያልኩትን ቃል በልቤ መልሼዋለሁ።

ሰኞ ጠዋት አውቶቡሱ ጎብዬን ሳያልፍ ስልኬ ጠራ። ከድር ነው፤ ከኋላው የሽማግሌዎች ንትርክ ይሰማል።

«ታዴ፣ አባቴና ጋሽ አበጀ ከጎህ ጀምሮ አልጋው ላይ ናቸው። ‹የኔ እርሳስ ይሻላል፣ ያንተ ጭራ አይሆንም› እየተባባሉ ነው። አራት መንጠቆ ግራሩ በላባቸው። ጀሪካኑ ያፈሳል ብላቸው፣ ፀሐይ በረታች ብላቸው አልወርድ አሉኝ። ምን ላድርግ?»

«ቁርሳቸውን ውሰድላቸው» አልኩት።

«ዘሃራ ወስዳላቸዋለች» አለ። «‹አንድ ትሪ ነው ያመጣሽው ወይስ ሁለት?› ብለው ጠየቋት። አንድ ስትላቸው ሳያዩዋት፣ ‹በይ እዚያ አስቀምጪው፣ አሁን እየነከሰ ነው› አሏት።»